የተላጠው ከተቀባው የሚበልጥበት ገበያ

አሶሳ ውስጥ ሞተሩን ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ያጥበዋል። ቀጥሎ ኮርቻውን አዲስ ልብስ ያለብሰዋል፣ የተላጠውን ሰልባትዮ ቀለም ያስቀባዋል፣ የተሰበረ ፍሬቻ ካለም ይለውጣል። ከዚያ ደላላ ይጠራል። እዚህ ጣሊያን፣ ኢሞላ በምትባለው ከተማ ግን ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው የሞተሩን ዋጋ በገዛ እጁ ጣለ ይባላል። ስሰማ አላመንኩም ነበር። ኑ፣ አብረን እንይ።

ኢሞላ ከቦሎኛ ብዙም አትርቅም፤ ስሟን ያስጠራት የመኪና ውድድር ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር ግን የውድድሩ ሜዳ «ሞስትራ ስካምቢዮ» ለሚሉት ገበያ ይለቀቃል፤ አሮጌ መኪና፣ አሮጌ ሞተርና የመለዋወጫ ዓይነት የሚሸጥበትና የሚለዋወጥበት ማለት ነው። ሻጩ ዕቃውን ሸራ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ እንደ አሶሳ ገበያ፣ ማንጎና ቃሪያ በሚደረደርበት ቦታ ካንዴላ፣ ካርቡሬተርና የፊት መብራት ተደርድሯል። ክርክሩም ያው ነው። ገዢው ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል፣ ሻጩ ያስጠራዋል፣ ገዢው ቅር እያለው ይመለሳል። እዚህ ላይ ቤቴ ያለሁ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ።

አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቆምኩ። ፊታቸው 125 ሲሲ ቬስፓ ቆሟል፤ ቀለሙ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ አልለየለትም፣ እግር ማሳረፊያው ዝጓል። «ለምን አላስቀቡትም?» አልኳቸው። ደረታቸውን ነፍተው «ኮንሰርቫቶ!» አሉኝ። ሳይነካ የቆየ ማለታቸው ነው። ቀለሙ ከፋብሪካ የወጣበት ነው። ታርጋው ያኔ የተሰጠው ነው። ከኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ጠርዟ የተበላ ሊብሬ አወጡና ሻንሲው ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር እያስተያዩ አሳዩኝ። ከጎናቸው አዲስ ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ሌላ ቬስፓ ነበር። እኔ ብጠየቅ እሱን እመርጥ ነበር። ዋጋው ግን ከተላጠው ያነሰ ነበር።

የእኛም ደላላ «ቀለሙ ኦሪጅናል፣ ሞተሩ ያልወረደ» እያለ ነው የሚሸጠው። ነገር ግን እኛ ዘንድ ያ ቃል ሞተሩ ያልተጋጨና ገና የሚሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። እዚህ የሚሸጠው ራሱ ያልተነካው ቀለም ነው። መሄዱን የጠየቀ ገዢ እንኳ ጥቂት ነው።

ስለ ሊብሬውና ስለ ሻንሲው ቁጥር መጨነቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። «ቬስፓ 90 ሱፐር ስፕሪንት» የምትባል ጠባብ፣ ፈጣን ዓይነት አለች። ከ1965 እስከ 1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ተሠርታ ቁጥሯ ከ5,300 ብዙም ሳያልፍ ቆመ። ዛሬ ከ10,000 ዩሮ በላይ ትጠየቃለች። ይህን ያዩ ሰዎች ተራዋን ቬስፓ ቆርጠው፣ በየድና ቀለም «ሱፐር ስፕሪንት» እያስመሰሉ ይሸጣሉ። ስለዚህ አዋቂ ገዢ መጀመሪያ የሚንበረከከው ቁጥሩ ዘንድ ነው።

የገዢዎቹን ፀጉር አየሁ፤ አብዛኛው ሸብቷል። በ1963 እ.ኤ.አ. ቬስፓ 50 ስትወጣ መንጃ ፈቃድም ታርጋም አይጠየቅባትም ነበር፤ የተማሪ ሞተር ሆነች። ያኔ አባቱ ያልገዛለት ልጅ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ራሱ ይገዛል። ዋጋውን የሚያንረው ይህ ናፍቆት ይመስለኛል፤ እኔም ናፍቆትን እዚህ አገር ስለተማርኩት እረዳቸዋለሁ።

ናፍቆቱ በታወቀ ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። የቢትልሱ ጆን ሌነን በእንግሊዝ ግቢው ውስጥ የሚጋልባት ሆንዳ ዜድ 50 ኤ ነበረችው፤ ቅጽል ስሟ «መንኪ»፣ ጦጣ ማለት ነው። 49 ሲሲ፣ ጎማዋ የእጅ ጋሪ ጎማ የሚመስል ዶቅዶቄ ናት። በ2018 እ.ኤ.አ. በጨረታ 57,500 ፓውንድ ተሸጠች። ከእሷ ጋር ከአንድ ፋብሪካ የወጡ እህቶቿ ያን ዋጋ በሕልማቸውም አያዩት። ልዩነቱ ማን እንደያዛት ነው፤ ያም በወረቀት ሲረጋገጥ።

ማታ አሶሳ ላለው፣ ሞተር ለሚያሻሽጠው ወዳጄ ደውዬ ነገርኩት።

«ስንት ሲሲ አልከኝ?»

«49።»

«ዳገት ትወጣለች?»

«እንጃ።»

«ሰው ትጭናለች? በክረምት ጭቃ ትገባለች?»

«የኔ ወንድም፣ ግቢ ውስጥ ነው የምትዞረው።»

ዝም አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። በእኛ ክልል ሞተር ጤና ባለሙያውን ቀበሌ የምታደርስ፣ ነጋዴውን ወርቅ ወደሚወጣበት የምትወስድ ናት። ዋጋዋ በጉልበቷና በመለዋወጫዋ ይለካል፤ መለዋወጫዋ ሱቅ የሞላ የህንድ ሞተር ከማንም ይበልጣል። ሕጋችንም አሮጌ አይወድም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጥሏል። ጣሊያን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ ከባለቤትነት ግብር ነፃ ይወጣል። እኛ ዘንድ ዕድሜ ያስቀጣል፣ እነሱ ዘንድ ያስምራል።

ከኢሞላ በኋላ ወደ ፖንቴዴራ ወረድኩ፤ ቬስፓን የሚሠራው የፒያጆ ሙዚየም ያለው እዚያ ነው። ፒያጆ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓን አወጣለት፤ ትርጉሟ ተርብ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ባለሦስት እግሯን «አፔ»ን ጨመረ፤ ንብ ማለት ናት። አፔዋ ፊት ስቆም ሳቄ አመለጠኝ። ባጃጃችን! የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ማምረት የጀመረው ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው። አሶሳ መናኸሪያ የምትጋፋን ባጃጅ አያት እዚህ ብርሃን በርቶላት፣ ገመድ ታጥሮላት ቆማለች። ነክቼ ላያት ፈለግሁ፤ ጥበቃው አየኝና ተውኩት።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት የሕዳሴ ግድብ ያለባትን ጉባን ነው። ግድቡ መጋቢት 2003 መሠረቱ ተጥሎ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜን 2017 እስኪመረቅ ድረስ ተቋራጩ የጣሊያኑ ሳሊኒ፣ የዛሬው ዌቢልድ፣ ነበር። ጣሊያኖች የራሳቸውን ተርብና ንብ በሙዚየም ውስጥ አስቀምጠዋል። ጉባ ላይ በእነዚያ ዓመታት በዚያ ሙቀትና አቧራ የተመላለሱት ሞተሮች ግን የት ናቸው? የማውቃቸው ተበታትነው ተሸጠዋል፤ ሞተሩ ለአንዱ፣ ጎማው ለሌላው፣ ሊብሬው የትም። ይሄ ያንገበግበኛል። የሌነንን ጦጣ 57,500 ፓውንድ ያስጠራው ታሪክ ከሆነ፣ ከጉባ የበለጠ ታሪክ የጫነ ሞተር አገራችን ውስጥ አላውቅም። ደግሞ በ2016 መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። ሞተሩም ወደ ኤሌክትሪክ ከሄደ ካንዴላ ያለው ዶቅዶቄ የሚፈለግበት ቀን ይመጣል።

ስለዚህ ለወዳጄ እንደገና ደወልኩ። ግድቡ ሲሠራ ጉባ ያገለገለ፣ ሊብሬውና ታርጋው ያልጠፋ ሞተር እንዲያፈላልግልኝ ለመንኩት።

«እሺ፣ አሳጥቤ ቀለም አስነክቼ ፎቶ እልክልሃለሁ» አለኝ።

«እንዳታስነካው! አቧራውም ይቆይ።»

«አቧራውንም ልትገዛው ነው?»

«አቧራውንም።»

«እንግዲያው በአቧራው ላይም ኮሚሽን አለኝ» አለና ስልኩን ሳይዘጋ፣ አጠገቡ ላለ ሰው «የጉባ ሞተር ያለው ማነው?» ሲል ሰማሁት።