«ማጀቴን ጭኜ ባሕር ልሻገር?»

ይህ የጉዞ ወሬ ይምሰል እንጂ የትዳር ጉዳይም አለበት። ከባለቤቴ ጋር ለንደን ውስጥ 19 ዓመት ኖረናል። እኔ ሌሊት ሌሊት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ እሷ ቀን ቀን አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። የምንገናኘው ደረጃ ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። አንዲት ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከቤት ስትወጣ ግን ጉዱ ፈላ። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ባለቤቴ ሻይ እየቀዳች፣ ድምጿን እንኳ ከፍ ሳታደርግ «ልጅቷም ሄደች፤ እኛስ አብረን ምን እየሠራን ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ ባል ምን ያደርጋል? ሽርሽር ይጋብዛል!

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስኮትላንድ ውስጥ መል በምትባል ደሴት ካራቫን ተከራይቶ ነበርና አድራሻውን ተቀበልኩት። ካራቫን ማለት እንግዲህ ጎማ ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ምድጃው፣ አልጋው፣ መጸዳጃው ሁሉ እዚያው ውስጥ። አስተናጋጅ የለ፣ ቁርስ የሚያቀርብ የለ። አብስሎ መብላት፣ ሲወጡም ጠርጎ መውጣት የተከራዩ ፋንታ ነው። ዋጋው ከሆቴል ይረክሳል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ በደስታ ለባለቤቴ ስነግራት «ማጀቴን ጭኜ ባሕር ልሻገር?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

እንጀራውን፣ በርበሬውን፣ ንጥር ቅቤውን መኪና ላይ ጭነን ዓርብ ማታ ተነሳን። ከለንደን እስከ ኦባን ወደብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጳጉሜን 1 ቀን ቅዳሜ መኪናችንን ይዘን መርከብ ገባን። (ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ የመኪና ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ያለዚያ ወደቡ ላይ ቆሞ ማየት ነው።) ሃምሳ ደቂቃ ያህል ተጉዘን፣ አለት ላይ የተገተረውን የዱዋርት ግንብ አልፈን ክሬግኑር ወረድን። ከዚያ እስከ ደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ ያለው 60 ኪሎ ሜትር መንገድ፣ አብዛኛው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ፊት ለፊት መኪና ሲመጣ አንዱ መጠለያው ጋ ይቆማል፤ ሌላው እጁን አንስቶ አመስግኖ ያልፋል። በጎቹ ግን ለማንም አይቆሙም፤ አስፋልቱ ላይ ተኝተው ያመሰኳሉ። የለንደን አውቶቡስ ሾፌር ነኝ ባዩ ላብ በላብ ሆንኩላችሁ።

ካራቫኑ ከዳር እስከ ዳር ብትለኩት ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። ኩርፊያ ደግሞ ሰፊ ቤት ይፈልጋል። እኛ ቤት እሷ ሳሎን ስትሆን እኔ መኝታ ቤት እገባለሁ፤ እዚህ ወዴት ይገባል? የመጀመሪያው ሌሊት ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው በጨለማ ውስጥ «የአያቴ ቤት ቆርቆሮ እንዲህ ነበር የሚጮኸው» አለች። ስለ አያቷ ስታወራ ከሰማሁ ዓመታት አልፈዋል።

ሰኞ ዕለት ከፊዮንፎርት አሥር ደቂቃ በጀልባ ተሻግረን አዮና ወረድን። የጎብኚ መኪና ስለማይፈቀድ በእግር ነው። ኮሉምባ የሚባለው መነኩሴ ከአየርላንድ መጥቶ በ563 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ገዳም የመሠረተባት ትንሽ ደሴት ናት። ዛሬ ደብሊን የሚገኘው፣ በሥዕል ያጌጠው የኬልስ ወንጌልም እዚህ እንደተጀመረ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። እኔ የጣና ደሴቶች ትዝ አሉኝ። ባለቤቴ ግን ምንም ሳትል የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማዋን አወለቀች። ፈረንጆቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ስትጸልይ ብዙ ቆየች። እኔ ጫማዋን ስጠብቅ ሶሉ በአንድ ጎኑ ማለቁን አየሁ። እዚያ ሁሉ ቤት ስትመላለስበት የኖረችበት ጫማ ነው።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5፣ የበዓሉ ዋዜማ። ሽንኩርቱ መቁላላት ሲጀምር የጭስ ደወሉ ጮኸ። መስኮት ከፈትን። ከዚያ ምድጃው ድርግም! ጋዙ አልቋል። ውጪ ሁለተኛ ሲሊንደር አለ፤ እንግሊዝ ቁልፍ ይዤ ዝናብ ውስጥ ወጣሁ። ዳዶውን ወደ ግራ ባዞረው፣ ባዞረው፣ ይብሱን ጠበቀ። ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛ መጣችና «ቀስቱ ወደ ቀኝ ነው የሚያሳየው» አለች። «ዳዶ በቀኝ ተፈትቶ ያውቃል?» ብዬ ጮህኩ።

«19 ዓመት ሙሉ አንዴ የምልህን ሰምተህ ታውቃለህ?»

እዚያው ዝናቡ ውስጥ ወጣላት። «ነርስነት ልማር ስልህ ‹ልጅቷ ትደግ› አልከኝ። አደገች!»

ድምጻችንን ሰምተው ነው መሰለኝ የጎረቤቱ በግ አርቢ አዛውንት ብቅ አሉ። ምንም ሳይጠይቁ ቁልፉን ተቀብለው ዳዶውን ወደ ቀኝ አዞሩት። ተፈታ። የፕሮፔን ጋዝ ዳዶ ሆን ተብሎ በተቃራኒ እንደሚሠራ አስረዱን። አዲሱን ካሰሩት በኋላ የሳሙና ውኃ ቀብተው አረፋ አለመኩረፉን አዩ፤ አረፋ ካኮረፈ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው። «ብርድ ቢሆንም ግድግዳው ላይ ያለውን የአየር መግቢያ አትድፈኑ፤ መርዘኛው ጋዝ በእንቅልፍ ይገድላል» አሉን። ለካ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፎጣ ወትፌዋለሁ! ባለቤቴ ሦስት ጊዜ አንሺው ብላኝ ነበር።

ስንገባ ማማሰያውን እኔ ያዝኩ። ሽንኩርት እየተቁላላ እሷ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ትምህርቱ ምዝገባ፣ ስለ ወጪው፣ እኔ ወደ ቀን ፈረቃ ብዛወር ደመወዙ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ አወራን። ሁለቴ ተጣላን። ወጡም ትንሽ አረረ፤ አልዋሽም።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ሰማዩ ጠራ። ባለቤቴ ከመስኩ እቅፍ ሙሉ ቢጫ አበባ ለቅማ መጣች፤ ቁርጥ አደይ! አዛውንቱ አይተው ደነገጡ። ራግዎርት የሚባል የከብት መርዝ ነው አሉ። «እጅሽን ታጠቢ፤ ከዚያ ከፈለግሽ ሜዳውን ሁሉ ንቀይልኝ።» አበባውን በቆርቆሮ ውስጥ መስኮቱ ላይ አስቀመጥነው። እሳቸውንም ለምሳ ጠራናቸው። እንባቸው እየወረደ ሁለት ጭልፋ ጨረሱ።

ቅዳሜ ጠርገን፣ አጥበን፣ ቁልፉን መልሰን መርከብ ተሳፈርን። ባለቤቴ መርከቡ ላይ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ቀና አለች።

«የ2019 እንቁጣጣሽ ዓርብ ነው የሚውለው። ዶሮ የለም። እኔ ፈተና ላይ ከሆንኩ ሽሮውን አንተ ትሠራለህ።»

«እሺ» አልኩ።