ቶርኖው አልዞር ሲል

ወደ ሥልጠናው ከመግባቴ በፊት የነበረውን ክረምት ያሳለፍሁት እዚሁ አሶሳ፣ በአጎቴ ጋራዥ ነው። በጋራዡ ጥግ ከኔ ዕድሜ በብዙ የሚበልጥ ቶርኖ ቆሟል። በዚያን ሰሞን የሰፈራችን ወፍጮ ዘንግ ተበልቶ ስለነበር ማሽላ የተሸከሙ እናቶች እየመጡ ይመለሱ ነበር። አዲስ ዘንግ ለማውጣት ቶርኖው መዞር አለበት። እሱ ግን ንቅንቅ አልል አለ።

«ኩሽኔታው ዝጎ ነው» አልኩ፣ ገና ሳላየው። አጎቴም አስራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ነው ብሎ አመነኝ። ናፍጣ አፈሰስንበት፤ ቻኩን በረጅም ብረት ወጥረን ጎተትነው። ቀጭ አለና ከአንዱ ጊር አንድ ጥርስ ረገፈ። አጎቴ አልተቆጣኝም። «እንግዲህ ለቁራሌው ነው» ብሎ ብቻ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብረቱን ትቼ እርሳስና ወረቀት ያዝኩ። ከቻኩ ተነሥቼ ወደ ኋላ «ይህንን ማን ያዞረዋል?» እያልኩ ተከተልኩ። ቻኩን ዋናው ዘንግ ያዞረዋል። ዘንጉንስ? እዚህ ላይ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ።

ባለ ሦስት ደረጃው ፑሌጃ ዘንጉ ላይ ልቅ ሆኖ ተሰክቷል። ከጎኑ ያለው ትልቅ ጊር ግን ከዘንጉ ጋር የታሰረ ነው። አንዲት ፒን ሁለቱን ስታያይዛቸው ፑሌጃው አንድ ሲዞር ዘንጉም አንድ ይዞራል። ፒኗ ወጥታ የኋላዎቹ ጊሮች ሲገቡ ደግሞ ባለ 24 ጥርሱ ባለ 72ቱን፣ እንደገና ሌላው ባለ 24 ባለ 72ቱን ስለሚያዞር፣ ፑሌጃው 9 ጊዜ ዞሮ ዘንጉ 1 ጊዜ ይዞራል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ይጨምራል። በኛ ቶርኖ ላይ ሁለቱም በአንድነት ገብተው ነበር! አንዱ አንድ ለአንድ፣ ሌላው ዘጠኝ ለአንድ ሲል ተቆላልፈው ቀሩ። ዝገት የሚባል ነገር አልነበረም። የኋላዎቹን ጊሮች በእጀታቸው ሳወጣቸው ቻኩ በአንድ ጣቴ ዞረ።

ይህ አሠራር ከኤሌክትሪክ ሞተር በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአውሮፓ ፋብሪካዎች አንድ የእንፋሎት ሞተር በጣሪያ ሥር የተዘረጋ ረጅም ዘንግ ያዞር ነበር፤ እያንዳንዱም ማሽን ድርሻውን በቆዳ ቺንጋ ይወስዳል። ፍጥነት የሚቀየረው ቺንጋውን ከደረጃ ወደ ደረጃ በማዛወር ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው፣ በክልላችን ጉባ ላይ በሚገኘው የሕዳሴ ግድብም ጥያቄው ያው ነው፤ ማን ማንን ያዞራል? ውኃው ተርባይኑን፣ ተርባይኑ ጄኔሬተሩን።

ወፍጮው በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀመረ። የረገፈው ጥርስ ግን አልተመለሰም፤ ቶርኖው ዝግ ያለውን ፍጥነቱን እንዳጣ ይኖራል። ነገ ክፍል ውስጥ ንቅንቅ የማይል ተማሪ ሲገጥመኝ «ሰነፍ ነው» ለማለት አፌን ስከፍት ያቺ ጥርስ ትዝ እንደምትለኝ አምናለሁ። መጀመሪያ ምን እንደያዘው ወደ ኋላ ተከትዬ ልይ።