«ጨጓራው ነው»

ወንድሜ አረቄውን በሃይላንድ ይይዝ ነበር፤ ለሚያየው ውሃ ነው። ጎረቤት «ልጁ ምነው ጠፋ?» ሲል እማዬ «ጨጓራው ተነስቶበት» ትላለች። እኔም እንደዚያው። አንዴ «አማኑኤል ሆስፒታል እንውሰደው» ብላት «እብድ ልታስብለው ነው?» ብላ ተቆጣች። በሰፈራችን ጫት ቅሞ ማታ ጨብሲ የሚወጣ «ተጫዋች» ነው፤ ሊታከም የሄደ ግን አበደ ይባላል።

ስለዚህ ወንድሜ መጠጣቱንም ማቆሙንም በድብቅ አደረገው። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በድንገት ሲያቆም ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ እንደሚችል ማን ነግሮት! በሁለተኛው ቀን ወድቆ አገኘነው።

ድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ «መጠጥ ይጠጣል?» አለ።

«ኧረ በፍጹም! ጨጓራው ነው» አለች እማዬ።

እጇን ያዝኩና «ይጠጣል፣ ዶክተር። ከተወ ሁለተኛ ቀኑ ነው» አልኩ።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሐኪሙን ግን አልደነቀውም፤ ዓመታት የደበቅነውን በአንድ መስመር ጻፈና መድኃኒት አዘዘ።