«መቶ ሺህ ዶላር» የማን ደመወዝ ነው?



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ደጋግመው ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ኡስታዝ፣ አሜሪካ ውስጥ ባዮሜዲካል ኢንጂነር ስንት ያገኛል?» የሚል ነው። ብዙዎቹ ሚኒያፖሊስ ከተማ ዘመድ አላቸው። በየቤቱም «መቶ ሺህ ዶላር ነው አሉ» ይባላል።

ወሬው መሠረት የለሽ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መካከለኛውን የዓመት ደመወዝ በ2023 እ.ኤ.አ. 100,730 ዶላር ብሎታል። መካከለኛ ማለት ሠራተኞቹ በደመወዛቸው መጠን ቢሰለፉ መሀል ላይ የሚቆመው ሰው የሚያገኘው ነው። ስለዚህ ግማሾቹ ከዚያ በታች ይከፈላቸዋል። ቁጥሩም የመላው አገር እንጂ የአንድ ከተማ አይደለም።

ያስተማርኩት አንድ ልጅ እዚሁ በዚህ ሙያ ተመርቆ ሚኒያፖሊስ ገባ። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ይጠግናል። እናቱ ግን «መቶ ሺህ እየተከፈለው ለእህቶቹ የሚልከው ይህችን ነው?» ብለው አዝነውበታል። ልጁን ከመጠርጠር በፊት ሂሳቡን አብረን እንይ አልኳቸው።

አንደኛ፣ በእኛ አገር ባዮሜዲካል ኢንጂነር ሲባል በአብዛኛው የሆስፒታል መሣሪያ የሚተክልና የሚጠግን ባለሙያ ነው። በአሜሪካ በዚህ ስም የሚጠራው ግን በአብዛኛው አዲስ መሣሪያ የሚነድፈውና የሚፈትሸው ነው። ጠጋኙ ሌላ የሥራ መጠሪያ፣ ሌላም ደመወዝ አለው፤ በዚያው ዓመት መካከለኛው 60,670 ዶላር ነበር። እነሆ፣ 40,000 ዶላር ያህል ልዩነት!

ሁለተኛ፣ የተጻፈው ሁሉ እጅ አይገባም። ከደመወዙ 7.65 በመቶ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና ይቆረጣል። የፌዴራል ግብር አለ። ሚኒያፖሊስ የምትገኝበት የሚኒሶታ ክፍለ ግዛትም እንደ ገቢው ደረጃ ከ5.35 እስከ 9.85 በመቶ ያስከፍላል። ከዚያ የቤት ኪራይና መኪና ይከተላሉ። ትምህርቱን ለማሻሻል ልበደር ቢል ደግሞ ወለድ ይጠብቀዋል፤ ይህ ለሙስሊም ወጣት ከሂሳብም ያለፈ ጉዳይ ነው።

እናትየው ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «ለካ ልጄ ከሚበላው ቀንሶ ነው የሚልከው» አሉ።

ታዲያ ጠጋኝነት የውርደት ሥራ ነው ማለት ነው? በፍጹም! በዚያችው ሚኒያፖሊስ በ1949 ኧርል ባከን ከአማቹ ጋር በአንድ ጋራዥ ውስጥ የሆስፒታል መሣሪያ መጠገን ጀመረ። በ1957 ከተማው መብራት ሲጠፋ፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራ የልብ ምት ማስተካከያ ይረዱ የነበሩ ሕፃናት አደጋ ላይ ወደቁ። የልብ ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ መፍትሔ እንዲፈልግ ጠየቀው፤ ባከንም በሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ በሽተኛው ይዞት የሚንቀሳቀስ ማስተካከያ ሠራ። ያ የጋራዥ ሥራ ዛሬ ሜድትሮኒክ የተባለው ታላቅ ኩባንያ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ «ስንት ይከፈላል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ግን «ለየትኛው ሥራ? በየትኛው ከተማ? ተቆራርጦ ስንት ይቀራል?» በሉ። ወላጆችም በስደት ያለውን ልጅ በሰሙት ቁጥር አይመዝኑት። ሐላል ሠርቶ ያለውን የሚያካፍል ልጅ ምስጋና እንጂ ጥርጣሬ አይገባውም።