ትል ምኑን ይመርጣል?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር፣ "ቲቸር፣ የባሕር ትል እኮ ማዕበል የጣለው ቦታ ነው የሚኖረው፤ ትል ደግሞ ምኑን ይመርጣል?" አለኝ። ጥያቄው ስላልለቀቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስለት። ታገሱኝ።

ሃይድሮይደስ ኤሌጋንስ የምትባል ትል አለች። ሞቃት ባሕር ባለባቸው ወደቦች በብዛት ትገኛለች። ራሷ በምትሠራው ነጭና ጠንካራ ቱቦ ውስጥ ትኖራለች፤ ላባ የመሰለ አክሊሏን ብቅ አድርጋ ከውሃው ምግብ ትለቅማለች፣ የሚያስፈራ ነገር ከመጣ ሹልክ ብላ ወደ ውስጥ ትገባለች። በቃ፣ ኑሮዋ ይኸው ነው። ቤት መቀየር የለም። ስለዚህ ቦታ የሚመረጠው አንዴ ብቻ ነው፤ የሚመረጠውም በልጅነት፣ በዓይን ለማየት በምታስቸግርበት ዕድሜ።

እጯ አልጌ እየበላች ስትዋኝ ቆይታ 5 ቀን ገደማ ሲሆናት ለለውጥ ትደርሳለች። ትደርሳለች እንጂ አትለወጥም! ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ብታስቀምጧት ቀናት ያልፋሉ፣ እሷ እጭ እንደሆነች መዋኘቷን ትቀጥላለች። ባሕር ውስጥ ሰንብቶ የወጣ ብርጭቆ ስታገኝ ግን ፍጥነቷን ትቀንሳለች፣ ወለሉን እየዳሰሰች ትድሃለች። ካልጣማት ተነስታ ትሄዳለች። ከጣማት ትጣበቃለች፣ በደቂቃዎች ውስጥ ስስ ቱቦ ትሠራለች፣ የምትዋኝበትን ፀጉር ትጥላለች። ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

ታዲያ ያ ብርጭቆ ላይ ምን አለ? ወንዝ ስትሻገሩ ድንጋይ አዳልጧችሁ ያውቅ የለ? የዚያ ዓይነት ልጋግ ነው፤ በሳይንሱ ባዮፊልም ይባላል። ባክቴሪያዎች የሰፈሩበት ንጣፍ ማለት ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ሃድፊልድና ባልደረቦቹ በፐርል ሃርበር ትሎች ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ከዚያው ወደብ ከተገኙት ባክቴሪያዎች አንዷ ፕሱዶአልቴሮሞናስ ሉቴኦቫዮላሲያ ናት (ስሙን ፈተና ላይ አላመጣውም፣ አትፍሩ)። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ጥናት ያሳየው ነገር እስካሁን ይገርመኛል። ባክቴሪያዋ 100 ያህል ጥቃቅን መርፌ መሰል ነገሮችን አንድ ላይ አሰባስባ ትሠራለች፤ አሠራራቸው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ጅራት ይመስላል። ይህን የምታወጣው ደግሞ ራሷ ፈንድታ ነው። መርፌውን የሚሠሩት ጂኖች ሲወገዱባት እጮቹ በእሷ ንጣፍ ላይ አይለወጡም። ሌሎች ባክቴሪያዎች ግን መርፌው ሳይኖራቸው በሌላ መንገድ ይጠሯታል።

እንግዲህ ልጄ፣ የምትመርጠው ድንጋዩን ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ቀድሞ የሰፈረውን ነው። ማዕበሉ እስከ ደጁ ያደርሳታል፣ እውነት ነው። ግን እምቢ ብላ መሄድ ስለምትችል፣ እኔ "ትመርጣለች" እላለሁ። እንደኛ ታስባለች አላልኩም። ደግሞ ኮሜንት ላይ የስደት ምሳሌ እንዳታደርጓት፤ ትሏ የራሷ ጉዳይ አላት።

"ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?" ለምትሉም፣ ዕቃችን በጅቡቲ በኩል በመርከብ ነው የሚመጣው። እነዚህ ቱቦዎች የተጣበቁበት መርከብ ውሃው ይይዘዋል፣ ነዳጅ ይፈጃል። ድሮ ቲቢቲ የሚባል መርዝ ያለበት ቀለም ይቀቡት ነበር፤ ትሉን ብቻ ሳይሆን ቀንድ አውጣውንና ኦይስተሩንም ስለጎዳ ለመርከብ መጠቀሙ ከ2008 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተከለከለ። አሁን የሚፈለገው ሳይመርዙ "እዚህ አትረፊ" ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ "ነይ" የሚላትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የኮራል እጮችም ባክቴሪያ የሰፈረበትን ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ኮራል የሚያራቡ ሰዎች እጮቹ የሚያርፉበትን ሸክላ አጥበው አያቀርቡም፤ አስቀድመው ለሳምንታት ባሕር ውስጥ ይዘፈዝፉትና ልጋግ እስኪይዝ ይጠብቃሉ።