ስንት ይፈረድበታል?

ቡናው እስኪፈላ እስቲ ስለ ክስ እንጫወት። በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ የጠብ ወሬ ሲሰማ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ይፈረድበት ይሆን?» የሚል ነው። አንዱ አምስት ዓመት ይላል፣ ሌላው ሃያ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ነገ በዋስ ይወጣል» ብሎ ያጽናናል። መልሱ ግን ዓቃቤ ሕግ የጻፈው የክስ ወረቀት ላይ ነው። እሱን ሳያዩ ዓመት መቁጠር እናትን ከማስጨነቅ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።

ወረቀቱን አብረን እንየው። ከላይ የተከሳሹ ስም፣ ዕድሜና አድራሻ አለ። ዝቅ ሲል «ወንጀሉ» ይልና በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ በቁጥር ይጠቅሳል። «የወንጀሉ ዝርዝር» የሚለው ክፍል ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቀበሌውን፣ ተጎጂው በምንና የት ላይ እንደተመታ ይተርካል። ከግርጌ የሰውና የሰነድ ማስረጃ ይደረደራል። ብዙ ሰው ትረካው ላይ ብቻ ይቆዝማል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ቁጥሩን ያንብቡ እላለሁ።

ሰው ሞቶ ከሆነ ሦስት ተከታታይ ቁጥሮች አሉ። 540 ተራ የሰው ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። 539 ከባዱ ነው፤ የአገዳደሉ ሁኔታ ገዳዩ በተለይ ጨካኝ ወይም አደገኛ መሆኑን ሲያሳይ፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን ሲገድል፣ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። 541 ደግሞ ራሱን ሲከላከል ከልክ ላለፈ፣ ወይም በከባድ ትንኮሳ ደሙ ፈልቶ ለገደለ ሰው ነው፤ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። በአንድ የሰው ሞት ላይ አንዱ ከአምስት ዓመት በታች ታስሮ ሲወጣ ሌላው ዕድሜውን እዚያው ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። በእኛ አገር የወንድሙን ደም የመለሰ ሰው በሰፈሩ «ወንድ ነው» ይባል ይሆናል፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ግን መንገድ ጠብቆ፣ አድብቶ፣ መሣሪያ አዘጋጅቶ መሄዱ ወደ 539 የሚገፋው ነገር ነው። ይህን ለልጆቻችን ቀድመን ብንነግራቸው ስንት ቤት ይተርፍ ነበር!

ሰው ካልሞተስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይረቃል። በድንበር ጠብ አንዱ ሌላውን በመጥረቢያ ፈለጠው እንበል። ዓቃቤ ሕጉ በአንቀጽ 555 በከባድ የአካል ጉዳት ሊከሰው ይችላል፤ ይህም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ወይም «ሊገድለው ነበር» ብሎ 27ን ከ540 ጋር አጣምሮ በግድያ ሙከራ ይከሰዋል። ቁስሉ ያው ቁስል ነው፤ የሚለየው ሐሳቡ ነው። ሐሳብ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዳኛው የሚያየው በምን እንደመታ፣ የት ላይ እንደመታ፣ ስንት ጊዜ እንደደገመ፣ ሲመታ ምን ይል እንደነበር ነው። ራስ ቅል ላይ የደጋገመ ሰው «ላስፈራራው ብዬ ነው» ቢል የሚያምነው አያገኝም። በባዶ እጅ መትቶ ቀላል የአካል ጉዳት ያደረሰ ሰው ግን ከሁለቱም አይገባም፤ የሱ 556 ነው። ተበዳዩ አቤት ካላለ ክስ የለም፤ ካለም ከአንድ ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው።

ዋስትናም ከዚሁ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ክሱ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው ሊሞት ይችላል ከተባለ፣ ዋስ አይፈቅድም። ሆስፒታል የተኛው ሰው ሳይለይለት «ለምን አይፈቱትም?» ማለት ከንቱ ድካም ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው አንዳንዴ «የአማራ ክልል የወንጀል ሕግስ ምን ይላል?» ይለኛል። አሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ ስላለው ነው፤ ቴክሳስ በሞት ይቀጣል፣ ሚሺጋን ግን በ1846 እ.ኤ.አ. በነፍስ ግድያ ሞት መፍረድን በሕግ አስቀርታለች። እኛ ዘንድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልል የሚያወጣው የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ 540 መርሐቤቴም ጅማም ያው 540 ነው።

ተይዞ ለገባ ሰው ደግሞ ይህን ይንገሩልኝ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከጀማ በረሃ ተይዞ እስኪመጣ ያለው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ለፖሊስ ቃል አልሰጥም ማለት መብቱ ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ይጓደላል ከተባለ መንግሥት ያቆምለታል። ክሱ ተነቦ «ጥፋተኛ ነህ አይደለህም?» ከመባሉ በፊት «አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ» ይበል። ብዙ የገበሬ ልጅ አፍሮ ዝም እያለ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቻችን ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ደም ሲደርቅ፣ ካሳ ሲከፈል፣ ሁለት ወገን አብሮ እንጀራ ሲቆርስ ትልቅ ነገር ነው፤ ቀጣዩን ሬሳ የሚያስቀረው እሱ ነው። ግን «ታርቀናል፣ ክሱ ይዘጋ» ሲባል ዓቃቤ ሕግ እሺ የማይለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የግድያው ከሳሽ የሟች ቤተሰብ ሳይሆን መንግሥት ነው፤ ቤተሰብ ይቅር ያለው የራሱን በደል ነው። ምስክሮችን «ታርቀናልና አትመስክሩ» ማለትማ ሌላ ወንጀል ይወልዳል።

ታዲያ ዕርቁ ከንቱ ነው? አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ጥፋቱን ያመነን፣ እጁን የሰጠን፣ የተጎዳውን የካሰንና ከልቡ የተጸጸተን ሰው ቅጣት ያቀልለታል። ዳኛው «ጥፋተኛ» ካለ በኋላ ሁለቱንም ወገን የቅጣት አስተያየት ይጠይቃል። ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት የዕርቅ ሰነድና የካሳው ደረሰኝ ከመዝገቡ የሚያያዘው ያን ጊዜ ነው። ሰነዱ ቤት ሣጥን ውስጥ ቀርቶ ከሆነ ግን ዳኛው ያላየውን አይቆጥርለትም።