«ማን ጻፈልሽ?»

ይህን ነገር ልጽፈው እያሰብኩ ብዙ ጊዜ ትቼዋለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ እዚህ ስላላችሁ ያሳፍረኛል።

እንግሊዝኛ የምናስተምር እናውቀዋለን። የማትሪክ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ድርሰቱን ዘለል አድርገን ግራመር ላይ እንረባረባለን። ጻፉ ስትላቸው ደግሞ ሁሉም ያንኑ በቃል የተያዘ «የትምህርት ጥቅም» ይዞልህ ይመጣል።

አንድ ዓመት ዘጠነኛ ክፍሎችን «ማታ ማታ ቤታችሁ የሚሆነውን ጻፉልኝ» አልኳቸው። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ እናቷ ለሽያጭ እንጀራ ስትጋግር፣ እሷ እዚያው ጭሱ ውስጥ ስታጠና ጻፈች። አንብቤ ደነገጥኩ። ጥቂት የስፔሊንግ ስህተት ነበረው፤ እሱ ራሱ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ክፍል መሐል አስነስቼ «ማን ጻፈልሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ከ10 3 ሰጠኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሌጅ እያለሁ በፎቶ ኮፒ ያነበብኩትን የፍሬድሪክ ዳግላስን ታሪክ አሳጥሬ አስተማርኩ። ሰውዬው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ነው። ባልቲሞር እያለ የጌታው ሚስት ፊደል ጀመረችለት፤ ባሏ ከለከላት። ልጁ ግን ለድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ማንበብ ተማረ። መጻፉን ደግሞ መርከብ መሥሪያው እንጨት ላይ ያያቸውን ፊደላት እየገለበጠ፣ አጥርና ግድግዳ ላይ በጠመኔ እየሞነጫጨረ ለመደው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ።

ቀጠልኩ። እ.ኤ.አ. በ1838 አመለጠ። መድረክ ላይ ሲናገር በጣም አንደበተ ርቱዕ ስለነበረ፣ ሰዎች «ይሄ ባሪያ ነበር?» ብለው ማመን አቃታቸው። እሱም በ1845 የጌቶቹን ስምና ቦታውን ሳይቀር ዘርዝሮ መጽሐፍ አሳተመ፤ ተይዞ ሊመለስ እንደሚችል እያወቀ።

«ማመን አቃታቸው» ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አንገቷን ደፋች። እኔም የምለው ጠፋኝ።

በማግስቱ መጀመሪያ የጻፈችበትን ደብተር እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ሦስት ገጽ ስርዝ ድልዝ። ዳር ዳሩን ከዲክሽነሪ የለቀመቻቸው ቃላት። ማርኩን አስተካከልኩ፣ ክፍል ፊትም ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ ቲቸር» አለችኝ፤ ሌላ ምንም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ የጻፈችልኝ ሁሉ አጭር፣ ንጹሕ፣ የማንም የሆነ ነገር ነበር። አንዱን «የትምህርት ጥቅም» ብላዋለች። ከ10 8 ሰጥቼ መለስኩላት። ሌላ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ «ማን ጻፈልህ» ብዬ አላውቅም። «ስርዝ ድልዙን አምጣ» ነው የምለው፤ ማርክም የምሰጠው ለእሱ ጭምር ነው። የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ሞክሩት።

አንቺ ደግሞ ይህን ካነበብሽው፣ ያ ድርሰት ያንቺ ነበር። ካስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያልረሳሁት እሱን ነው።